ራታን ባልዲዋን ይዛ ያለፈችበት ፊልም

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ፤ ጭቃማ የገጠር መንገድ]

የህንዱ ፊልም ሠሪ ሳትያጂት ራይ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው አፑ የሚባለውን ልጅ ሕይወት የሚከተሉትን ሦስት ፊልሞች ነው። ዛሬ ግን ብዙም ያልታየውን «ቲን ካንያ»ን እናውራ፤ «ሦስት ልጃገረዶች» ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ዓመቱ የቤንጋሊው ገጣሚና ደራሲ የራቢንድራናት ታጎር 100ኛ ዓመት ልደት ነበር። ራይ ሦስት የታጎር አጫጭር ልቦለዶችን አንድ ፊልም አደረጋቸው። ሙዚቃውንም ራሱ ደረሰው፤ ለገዛ ፊልሙ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው።

[ምስል፦ የመንደር ፖስታ ቤት]

እኔን የያዘኝ የመጀመሪያው ታሪክ ነው። ታጎር ከባዶ አልፈጠረውም። ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ባለችው ሻህዛድፑር በቤተሰቡ ርስት ላይ ሲኖር ፖስታ ቤቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ኃላፊውም አንዳንድ ማታ ብቅ እያለ ያጫውተው ነበር።

በታሪኩ አንድ የካልካታ ወጣት የገጠር ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆኖ ይመደባል። ቤቱን የምትሠራለት ራታን የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ናት። ፊደል ያስቆጥራታል። ወባ ሲጥለው ታስታምመዋለች። እሱ ግን በቃኝ ብሎ ሊሄድ ይነሳል።

ታጎር ጋ ራታን እግሩ ላይ ወድቃ ገንዘብ እንዳይሰጣት ትለምነዋለች። ከሄደ በኋላም ፖስታ ቤቱን እየዞረች ታለቅሳለች። ራይስ?

[ምስል፦ ራታን ባልዲ ይዛ]

ሰውየው ሳንቲም ይዞ ቆሟል። ራታን ከባድ ባልዲ ይዛ ትመጣለች። ቀና ብላ እንኳ ሳታየው አልፋው ትሄዳለች። ወዲያው ድምፅዋ ይሰማል፤ ለአዲሱ ኃላፊ ውሃ ማምጣቷን እየነገረችው ነው። ሰውየው ሳንቲሙን ኪሱ ይከታል። በቃ፣ ይኸው ነው! ልመናዋን ቀንሶ ክብሯን ጨመረላት። ልቦለዱን ቃል በቃል ቢከተል ኖሮ ይህን ያህል አያምም ነበር።

መካከለኛው ታሪክ ጌጥ ልቧን ስላጠፋው ሚስት ነው፤ መንፈስ ያለበት። ከሦስቱ ደከም ያለው እሱ ይመስለኛል።

[ምስል፦ በጨረቃ ብርሃን፣ ወንዝ ዳር ዥዋዥዌ]

ሦስተኛው ደግሞ ሳቅ ነው። ሙሽራዋ ሚሪንሞዪ በሠርጓ ሌሊት በዛፍ ወርዳ ታመልጣለች፤ ዥዋዥዌ ልትጫወት! የተጫወተቻት አፓርና ሴን ናት፤ የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር። ኋላ ራሷም ታዋቂ ዳይሬክተር ሆናለች።

ለማየት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊልሙ ወደ ውጭ አገር ሲላክ የመንፈሱ ታሪክ ወጥቶ ነበር። ርዕሱ «ሁለት ሴት ልጆች» የሚል ቅጂ ካጋጠማችሁ ያ የተቆረጠው ነው። ሙሉው ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ሰዓቱን አይታችሁ ምረጡ።