በፍተሻው በር ውስጥ አታቁሙን

የተከበራችሁ የሙዚየም ኃላፊዎች፣ የጥበቃና የፍተሻ ባልደረቦች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከግራ ትከሻዬ በታች፣ ከቆዳዬ ሥር፣ ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ተተክሎልኛል። ሙዚየም መጎብኘት ስለምወድም ይህን መሣሪያ ይዤ በብዙ የፍተሻ በሮች አልፌአለሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ፍተሻው ይቅርልን ለማለት አይደለም፤ ቅርስ ያለ ጥበቃ እንደማይኖር አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ በፍተሻው በር ውስጥ እንዳታቆሙን ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። የብረት መፈተሻ በር የሚሠራው በምሰሶዎቹ መካከል ኤሌክትሮማግኔታዊ መስክ በመፍጠር ነው። ፔስሜከር ደግሞ የልብን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲያዳምጥ ይውላል፤ ልብ በራሷ ስትመታ ዝም ይላል፣ ስትዘገይ ይቀሰቅሳታል። ከውጭ የሚመጣውን መስክ የልብ ምልክት አድርጎ ከወሰደው መቀስቀስ በሚገባው ሰዓት ዝም ሊል ይችላል። አደገኛ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስተካክለው ዲፊብሪሌተር ግን ከዚህ በተቃራኒ ደህናውን ምት አደገኛ ነው ብሎ በመሳሳት ባለቤቱን ያለ ምክንያት ሊመታው ይችላል። ይህ እምብዛም የማይደርስ ነገር ነው፤ በተለመደ እርምጃ የሚያልፍ ሰው በመስኩ ውስጥ የሚቆየው ለአፍታ ብቻ ነውና። ሐኪሞቻችንም የሚነግሩን ይህንኑ ነው፦ እለፉ፣ ነገር ግን አትቁሙ፣ አትደገፉም።

በሩ ሲጮህ ግን ከፈታሹ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ባሉበት ይቁሙ» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ፣ ፔስሜከር እንዳለኝ የሚገልጸውን ካርዴን በእጄ እንደያዝኩ፣ ሦስት ጊዜ እንድመላለስ ከተደረግሁ በኋላ ፈታሹ አለቃውን በሬዲዮ እስኪያነጋግር በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም አልደረሰብኝም። ፈታሹም ትሑት ሰው ነበር፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ የነገረው እንዳልነበረ ከፊቱ ይነበብ ነበር። በእጅ የሚያዘው መፈተሻም ቢሆን በመሣሪያው ላይ ደጋግሞ የሚመላለስበት ወይም ተይዞ የሚቆይበት ምክንያት የለም፤ የቀረውን አካል ፈትሾ ደረትን በእጅ መዳሰስ ይበቃል።

የልብ መሣሪያን ያነሳሁት የራሴ ስለሆነ ነው እንጂ ጉዳዩ በእኛ ብቻ አያበቃም። ሰው ሠራሽ ዳሌ ወይም ጉልበት ያለው ሰው በሩ ቢጮህበትም ጤናው አይነካም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። የስኳር ሕመምተኛው የኢንሱሊን ፓምፕ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ አምራቾች በቦርሳ መፈተሻው ኤክስሬይ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚመክሩ «ፈትተው በሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡት» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ ለዚህ ሰው አይሠራም። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑ ተገቢ ቢሆንም፣ ስኳሩ ድንገት ለሚወርድበት ሰው በኪሱ ያለው ከረሜላ መድኃኒቱ ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫው ድረስ ተመልሶ የሚያመጣበት ጊዜ አያገኝም።

ሆዱ ላይ የሰገራ መያዣ ከረጢት ያደረገ ሰው በሩ ሳይጮህበት ሊያልፍ ይችላል፤ የሚቸገረው በእጅ ሲዳሰስ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሰልፉ ፊት ጮክ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያ ሰው ለቅርብ ዘመዱ እንኳ ያልነገረውን ነገር ለማያውቃቸው ሰዎች እንዲያስረዳ ይገደዳል። ጥያቄው መቅረት የለበትም፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ድምፅ፣ ካስፈለገም ከመጋረጃ ጀርባ ሊጠየቅ ይችላል።

ሁላችሁም የምትረሱት አንድ ሌላ በር ደግሞ አለ፤ እሱም በመውጫው ላይ ባለው የሙዚየሙ መደብር ደጃፍ የተተከለው፣ እንደ ፍተሻው በር መስክ የሚፈጥረው የሌብነት መከላከያ ምሰሶ ነው። በመግቢያው በር ሰው ያልፋል፤ እዚህ ግን ፖስትካርድ እያገላበጠ ይቆማል፣ ይደገፋልም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ በመጻሕፍት መደብር ውስጥ እንዲህ ባለ ምሰሶ አጠገብ የቆመ ሰው የተተከለለት ዲፊብሪሌተር ያለ ምክንያት እንደመታው ይተርካል። የፖስትካርዱን መደርደሪያ ከምሰሶው ጥቂት እርምጃ ማራቅ የሚጠይቀው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ለመግቢያው የምለምናችሁም ከዚህ የሚከብድ አይደለም። ሰልፉ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ በሰውነቱ ውስጥ ወይም ላይ የሕክምና መሣሪያ ያለው ጎብኚ ወደ በሩ ከመግባቱ በፊት ለፈታሹ እንዲናገር የሚጋብዝ ጽሑፍ ይሰቀል። ፈታሹም ይህን ሲሰማ፣ አለቃውን መጥራት ሳያስፈልገው፣ ጎብኚውን በጎን በኩል አሳልፎ በእጁ እንዲፈትሽ አስቀድሞ ይፈቀድለት። በሩ ከጮኸም «ባሉበት ይቁሙ» በሚለው ፈንታ «ወደዚህ ይለፉልኝ» ይበለን፤ ከምሰሶዎቹ ከወጣን በኋላ የፈለገውን ያህል ቢያቆመን ቅር አይለንም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።