ሮዟ ጨርቅ፣ እንደገና

እ... አዎ፣ ያቺኑ ብርሃን ሲያርፍባት ባክቴሪያ የምትገድለውን ሮዝ የጥጥ ጨርቅ ነው የማነሳው። «ደግሞ ሮዟን?» የምትሉኝ አላችሁ፤ አዎ፣ ደግሞ።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሰዎች በ2020 ያወጧት። በቀን ብርሃን 60 ደቂቃ፣ ባክቴሪያው 99.9999 በመቶ አለቀ። ከሚሊዮን አንድ ተረፈ ማለት ነው። ቁጥሩ ላይ ጠብ የለኝም። ቆይ ግን፣ የምትገድልበትን ቅጽበት ቀስ ብለን እንየው።

ቀለሙ ሮዝ ቤንጋል ነው። አረንጓዴውን ብርሃን፣ የሞገድ ርዝመቱ 550 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን፣ ይውጣል። የዋጠውን ጉልበት አጠገቡ ላለ ኦክስጅን ያቀብላል። ያ ኦክስጅን ሲንግሌት የሚባለው ይሆናል፤ ያበደ ኦክስጅን በሉት፣ ባክቴሪያውን የሚገድለው እሱ ነው። ውሃ ውስጥ ዕድሜው ጥቂት ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ነው። በዚያች ዕድሜ የሚጓዘው ከአንድ ባክቴሪያ ርዝመት ያነሰ ነው። ያነሰ! እርጥብ ጨርቅ ላይ እንግዲህ ባክቴሪያው ቀለሙን ተጠግቶ ካልተቀመጠ አይነካውም። ደረቅ አየር ላይ ይርቃል፣ እሺ።

ቀለሙን ጥጥ ላይ ማስያዙ ራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱም ውሃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙላቸው ኔጌቲቭ ነው፣ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ጥጡን አስቀድመው ዳይኢታይልአሚኖኢታይል ክሎራይድ በሚባል ነገር ያክሙትና ፖዘቲቭ ያደርጉታል፤ ከዚያ ቀለሙ ይይዛል። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙን ከእጣቢው ጋር ይደፋዋል። የእነሱ 10 እጥበትና 7 ቀን ብርሃን ችሏል።

በረኪና ግን አታስነኩት! ሮዙ ከነጣ መግደሉም አብሮ ሄደ። ፀሐይም ቀስ በቀስ ታነጣዋለች። የሚያሠራውም የሚበላውም ያው ብርሃን... ይሄ ለምን እንደሚያስቀኝ እንጃ።

እና ብብቱስ? ነው ጥያቄዬ። ሙከራ ላይ ጨርቁ ተዘርግቶ ነው። ሐኪም ሲለብሰው እጅጌው ይታጠፋል፣ ብብቱና ኪሱ ይጨልማል፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ደጅ ቀትር ላይ ብርሃኑ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ ቢሮ ውስጥ 500 ካገኛችሁ ጥሩ። ደምና ላብ ካለበትማ ፕሮቲኑ ያንን ያበደ ኦክስጅን ቀድሞ ይቀልበዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ከዚያ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ ተረኛ ነርስ የቱ ፀሐይ ላይ ታስጣው?

ልናደድ ነበር፤ ግን ያው ዴቪስ በ2018 ያሳዩት አለ። ቤንዞፌኖን የሚባል ብርሃን የሚውጥ ኬሚካል ያለበት ናኖፋይበር (እጅግ ቀጭን ክር)፣ ብርሃን ላይ አጠራቅሞ ጨለማ ውስጥም የሚገድል። እንግዲህ የብብቴ ክርክር ግማሹ ፈረሰ። ወይም አልፈረሰም፤ እሱ ስስ የማጣሪያ ሽፋን ነው እንጂ በየቀኑ የሚታጠብ ጋውን አይደለም፣ ያጠራቀመው ሲያልቅም መልሶ ብርሃን ይፈልጋል፣ እና ያን ጊዜ ደግሞ...