ገጀራ ስትገዙ መጀመሪያ እጀታውን ጨብጡ

ሰላም ለሁላችሁ! ገጀራ ስትመርጡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ስለቱ ላይ ነው አይደል? እኔም እንደዛው ነበርኩ። የመጀመሪያ ገጀራዬን የገዛሁት ስለሚያብለጨልጭ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳልመነጥርበት አውራ ጣቴ ሥር ውሃ ቋጠረ። ብረቱ ምንም አልሆነም፤ የተሸነፈው እጄ ነው።

ስለዚህ ከእጀታው እንጀምር።

[እጀታው በቅርብ ይታያል]

እስቲ ጨብጡት። የጣቶቻችሁ ጫፍ ዞሮ የአውራ ጣታችሁን ሥር ለመንካት ትንሽ ከቀረው ልኩ ነው። ከወፈረ ክንድ ያዝላል። ከቀጠነ ደግሞ አጥብቃችሁ ስትይዙት እጅ ይደነዝዛል። ጫፉንም እዩት። ወደ ታች ቆልመም ያለ ከሆነ ትንሿ ጣት ትይዘዋለች፤ እጃችሁ በላብ ቢርስ እንኳ አያመልጣችሁም።

ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ መዝለቁን አረጋግጡ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። መሀል ላይ የሚቀር ብረት አንድ ቀን ተነቅሎ ይበራል። ያኔ ፊት ለፊት ማን እንደሚቆም አይታወቅም።

ርዝመቱስ? ለሣርና ለለስላሳ ቅጠል 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ብረት ይበቃል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እንጨታም ቁጥቋጦ ከሆነ አጠር፣ ወፈር ያለውን ውሰዱ። 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱም አሉ፤ ጀማሪ ባይነካቸው ይሻላል።

«የማይዝግ» የሚለውን ሲያይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። እኔ ግን ምርጫዬ ተራው የካርቦን ብረት ነው። ይዝጋል፣ አልክድም። ግን በሞረድ ቶሎ ይሳላል። ገጀራ ከወጥ ቤት ቢላ ለስለስ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ድንጋይ ሲነካ ከመሸረፍ ስለቱ ትንሽ ቢታጠፍ ይሻላል። ሥራ ስትጨርሱ ጥረጉት፣ ዘይት ቀባ አድርጉት፤ በቃ።

[ሞረድ ብረት ላይ ሲሄድ ይሰማል]

አዲሱ ገጀራ አልቆርጥ ካለ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት በቅጡ ሳይሳሉ ነው። ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ ግፉት፤ ስትመልሱት ከብረቱ ላይ አንሱት።

ያ የሚያብለጨልጨው ገጀራዬ? አሁንም አለ። የእጀታውን ሹል ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አለሰለስኩት። የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነው።