«በኋላ» የምትለዋ ቁልፍ

ውድ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እንደምን አመሻችሁ?

ወደ ነገሬ ሳልገባ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ስልካችሁን አውጡና ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አፕዴት የሚለውን ክፈቱት። ያልተጫነ አፕዴት ተከምሮ ብታገኙት እጃችሁን አታውጡ፤ ላሳፍራችሁ አይደለም። ኮምፒውተር አስተማሪው እኔ ራሴ ትናንት ማታ ስከፍተው ሦስት ሳምንት አልፎት አገኘሁት።

ይህ የሚሆነው ካለማወቅ አይደለም። መልእክቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ሥራ መሀል ነው። «አሁን ወይስ በኋላ?» ይለናል፤ ጣታችን ሳናስበው «በኋላ» ላይ ያርፋል። ልጆቻችን ደግሞ ከጎናችን ሆነው ያያሉ። ትምህርቱን ሳናውቀው ጀምረነዋል ማለት ነው፤ ያስተማርናቸው ግን ተቃራኒውን ነው።

ልጅን «አፕዴት አድርግ» ማለት ቀላል ነው። «ለምን?» ሲል ብዙዎቻችን «ቫይረስ እንዳይገባ» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ስህተት ባይሆንም ልጅ አያጠግብም። እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገው እንዲህ ነው። የአፕዴት ማስታወቂያ በፕሮጀክተር አሳይቼ ተማሪዎቹ ጮክ ብለው እንዲያነቡት አደርጋለሁ። አዲስ ኢሞጂ መጥቷል የሚለው ጋ ሲደርሱ ክፍሉ ይንጫጫል። ከታች በትንሹ የተጻፈውን «የደህንነት ክፍተቶች ተደፍነዋል» የሚለውን ግን ሳያዩት ሊያልፉ ይቃጣቸዋል፤ እዚያ ላይ አስቆማቸዋለሁ። የምን ክፍተት? ሶፍትዌር ሰው የጻፈው ነገር ነው፤ በሚሊዮን በሚቆጠር የኮድ መስመር ውስጥ ስህተት አይታጣም። አንዳንዱ ስህተት አፑን ከማዘጋት አያልፍም። አንዳንዱ ግን ባለቤቱ ሳያውቅ ሌላ ሰው እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። አፕዴት የሚዘጋው ይህንን መንገድ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት የአሥር ዓመት ተማሪ ይህን ሰምታ ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ይሄን ማስታወቂያ ሌባውም ያነበዋላ?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ሳስተምር በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። አዎ፣ ያነበዋል። ማንበብ ብቻ አይደለም፤ አሮጌውንና አዲሱን ሶፍትዌር ጎን ለጎን አድርጎ የቱ ጋ እንደተለወጠ ይፈልጋል። የተለወጠው ቦታ ቀዳዳው የነበረበት ነው። ስለዚህ ጥገናው በወጣ ማግስት ያልታደሰ ስልክ እንደ ትናንቱ አይደለም፤ ከትናንቱ ይብሳል። ትናንት ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ቀዳዳ ዛሬ አደባባይ ወጥቷል። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም፤ ያገኘችውም ልጅ ናት።

ከፍ ላሉት ተማሪዎች ዋናክራይ ስለተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ እነግራቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀን እጽፋለሁ፦ ማርች 14 እና ሜይ 12፣ እ.ኤ.አ. 2017። በመጀመሪያው ቀን ማይክሮሶፍት አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና አወጣ። በሁለተኛው ቀን ዋናክራይ በዚያው ቀዳዳ መግባት ጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም 150 በሚያህሉ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ፋይሉን ሁሉ ቆልፎ ለመክፈቻ በቢትኮይን 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ከዚያ «መሀል ላይ ስንት ቀን አለ?» እላቸዋለሁ። በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። 59። ሆስፒታሎቹን መውቀስ ግን ይከብደኛል፤ ከሕክምና መሣሪያ ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር እንደ ስልክ በአንድ ምሽት አይታደስም። የእኛ ስልክ ግን ይህ ምክንያት የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትምህርቱን በደንብ የያዘ ልጅ ነው አንዳንዴ የሚታለለው። ጌም ሲጫወት ስክሪኑ ላይ ቀይ መስኮት ብልጭ ይላል፦ «መሣሪያዎ ተበክሏል፣ አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ!» ታዛዡ ልጅ ይጫነዋል። ስለዚህ «አፕዴት አድርግ» ብለን ስናስተምር «ከየት» የሚለውን አብረን እናስተምር። እንዲህ ያለ መስኮት ሲመጣ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያያል። ደግሞም አፕዴት ሁሉን ያድናል አንበላቸው። ፓስወርዱን ለጓደኛው የሰጠ ልጅ የቱንም ያህል ቢያድስ በሩን በገዛ እጁ ከፍቶታል።

የመጨረሻው ለወላጆች ነው። አዲስ ስልክ ስንገዛ አሮጌውን ለማን ነው የምንሰጠው? ለልጁ። አሮጌው ስልክ ደግሞ አምራቹ አፕዴት መላክ ያቆመለት ሊሆን ይችላል። ሴቲንጉ «ስልክዎ የታደሰ ነው» ይላችኋል፤ የሚመጣለት ስለሌለ ነው እንዲያ የሚለው። ስለዚህ መልእክቱን ብቻ አትመኑ። የመጨረሻው የደህንነት አፕዴት ቀን ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ተጽፎ ይገኛል፤ ዓመት ካለፈው ለሙዚቃና ለፎቶ ይሁን እንጂ ኢሜይልና የገንዘብ አፕ አይግባበት።

ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉና «አሁን» የሚለውን ልጁ ራሱ ይጫነው። ስልኩ ጠፍቶ እስኪበራ አብራችሁት ቆዩ፤ ጥያቄ የሚመጣው በዚያች ሰዓት ነው።

የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ሆኖ አሁን እየታደሰ ነው። ከመድረክ ስወርድ ብትደውሉልኝ ላላነሳ እችላለሁ። አመሰግናለሁ።