ብዕሩን ከማንሳታችሁ በፊት

የተከበራችሁ የሠራተኛ ማኅበር አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ!

የማወራችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው። አርብ ወደ ማምሻው ላይ ሠራተኛው ሰው ኃይል ክፍል ይጠራል። ጠረጴዛው ላይ «ሥራዬን በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ ጠብቆታል። ስሙም ቀኑም ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። «ብትፈርም ይሻልሃል፣ የሥራ ልምድህ እንዳይበላሽ» ይሉታል። በጠበቃነት ዘመኔ ይህን ስንቴ እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

አትፈርሙ። የፈረመ ሰው በወረቀት የለቀቀ እንጂ የተባረረ አይደለም፤ ተገድጄ ነው ካለም ማስረዳቱ የእሱ ዕዳ ነው። ካልፈረመ ግን ምክንያት የሚጠየቀው አሠሪው ይሆናል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158፣ ስንብት ከሠራተኛው ችሎታ፣ ከሥነ ምግባሩ ወይም ከድርጅቱ የሥራ ፍላጎት የመነጨ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ይላል። የማስረዳት ሸክሙም በሠራተኛው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያዛል። ሁሉም አገር አልተቀበለውም፤ የተቀበሉትም ዝርዝሩን በየሕጋቸው ነው የወሰኑት።

እርግዝና፣ የማኅበር አባልነት፣ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ፣ ለጊዜው መታመም የስንብት ምክንያት አይሆኑም። በእርግጥ «ያባረርንሽ ስላረገዝሽ ነው» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም፤ «የሥራ አፈጻጸም ማነስ» ነው የሚባለው። ስለዚህ እኔ ከደብዳቤው በፊት ቀኑን አነባለሁ። ለዓመታት ጥሩ ውጤት ሲሞላላት የኖረች ሠራተኛ አቤቱታ ባስገባች ማግስት እንዴት ሰነፈች?

አሠሪ ሰው ማሰናበት አይችልም እያልኩ አይደለም። ንብረት የሰረቀ ሰው ወክዬ ፍርድ ቤት ቀርቤ ተሸንፌያለሁ፤ መሸነፍም ነበረብኝ። ግን እሱም ቢሆን ክሱ ተነግሮት መልስ የመስጠት ዕድል ይገባው ነበር።

የስንብት ደብዳቤ ከተሰጣችሁ «ደርሶኛል» ብላችሁ ከነቀኑ ፈርሙ፤ «ተስማምቻለሁ» ሌላ ነገር ነው። ቅጂውን ያዙ። ከዚያ አትዘግዩ። ብዙ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ አለቃው እስኪበርድለት ጠብቆ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሕግ የወሰነው የክስ ማቅረቢያ ጊዜ አልፎ ክሱ በይርጋ ታግዷል። ያኔ የተሰናበተው ያለ ጥፋቱ ቢሆንም ወደ ሥራ መመለሱም ካሳውም የለም።

ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ስብሰባው ሲያበቃ በር ላይ አለሁ።