ጄት ስኪው አልነሳም ሲል፦ ከጣና ዳር የተደወሉ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ዝግጅት ስልኩ ሳያቋርጥ እየጮኸ ሰዓቱ አለቀብን። ግማሹን ጥያቄ እንኳ አልመለስኩም። ስለዚህ የጠየቃችሁኝን እያስቀደምኩ መልሱን ጽፌዋለሁ፤ በቀጥታ ስርጭት ቸኩዬ ያለፍኩትንም ዘርዘር አድርጌዋለሁ። አብዛኛው ጥያቄ ተቆሞ ስለሚነዳው ባለ ሁለት ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባለት) ጄት ስኪ ነው። አንዱ የጀልባ ሞተር ነው፣ ግን ችግሩ ዘመድ ስለሆነ አብሬ አስገብቼዋለሁ።

«ደብረ ማርያም አካባቢ እየነዳሁ ድንገት ጠፋብኝ። ብሞክር ብሞክር እምቢ አለ። ጓደኛዬ በሞተር ጀልባ ጎትቶ አወጣኝ። ዳር ደርሰን ስታርት ሳደርገው ‹ጧ› ብሎ ቀጥ ይላል። ባትሪው አዲስ ነው።» (ከሽምብጥ የደወለ ወጣት)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህን ከስታርቱ ላይ አንሳ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ስልክ ላይ አንድ ነገር ጠይቄህ ነበር፤ ጓደኛህ ሲጎትትህ በምን ፍጥነት ነበር? «እንዳይመሽብን ለቀቀው» አልከኝ። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጄት ስኪ የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚገባ የሐይቅ ውኃ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ውኃው ዞሮ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ሞተሩ ጠፍቶ በፍጥነት ሲጎተት ግን ውኃው መግባቱን አይተውም፣ ገፍቶ የሚያስወጣው ጭስ ደግሞ የለም። ስለዚህ ጭስ ማውጫው ይሞላና ውኃው ወደ ሲሊንደር ይሻገራል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ግድግዳ እንደመታ ከውኃው ጋር ይላተማል፤ «ጧ» ያለህ እሱ ነው። ደጋግመህ ከተጫንከው ፒስተኑን የያዘው ክንድ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

መከለያውን ክፈትና አምስት ደቂቃ ያህል ነፋስ ይግባበት። ታፍኖ የቆየ የቤንዚን ትነት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሁለቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ፍታ። የካንዴላዎቹን ገመዶች ከቀዳዳዎቹ አርቀህ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካክተህ ማሳ አድርጋቸው፣ ምክንያቱም ከቀዳዳው የሚረጨው ውኃ ብቻ ሳይሆን ቤንዚንም ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ጣል አድርግ፣ ፊትህን አርቅ። ከዚያ ስታርቱን አምስት ሰከንድ ተጫን፣ ልቀቅ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) ይረፍ፣ እንደገና። መጀመሪያ የሚወጣው ወተት የመሰለ ውኃ ነው። ቀጥሎ ጉም ይሆናል። መጨረሻ ላይ ደረቅ እፍ እፍ ብቻ ሲቀር ያን ጊዜ ባዶ ሆኗል።

በየቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሁለት ስትሮክ ዘይት አፍስስ፣ ትንሽ አዙረው፣ አዲስ ደረቅ ካንዴላ ግጠም። ሲነሳ ውኃ ላይ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይሥራ፤ የቀረውን እርጥበት የሚያደርቀው የራሱ ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ ዛሬውኑ አድርገው። የሁለት ስትሮክ ኩሽኔታዎች (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች) ቅባት የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ከሚመጣው ዘይት ብቻ ስለሆነ፣ ውኃ ነክቷቸው ካደሩ መዛግ ይጀምራሉ። እኔ ራሴ «ሰኞ እናየዋለን» ተብሎ የተተወ ሞተር ከፍቼ፣ ያ የሚያብረቀርቅ ኳስ ሁሉ የበርበሬ መልክ ይዞ አግኝቼዋለሁ። በጣም ነበር ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ያን ሞተር ያድነው የነበረው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ወደፊት መጎተት ግድ ከሆነ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር አይለፍ። የሶምሶማ ሩጫ ያህል ማለት ነው።

መጀመሪያውኑ ለምን ጠፋ ላልከው፣ የነዳጅ መክፈቻው የት ላይ ነው ስልህ «ኦን ላይ» አልከኝ። ታንከሩ ሲጎድል ወደ ሪዘርቭ፣ ወደ መጠባበቂያው፣ ማዞር ነበረብህ። ቤንዚን አልቆብህ ነው።

«ባትሪ ቀየርኩ፣ ሞተሪኖ ቀየርኩ፣ አሁንም አይዞርም። የቆምኩት እምቦጭ ውስጥ ገብቼ ነው።» (ከጎርጎራ በኩል የደወለ)

ሞተሪኖ ከመግዛትህ በፊት ብትደውል ኖሮ ብሩ በኪስህ ይቀር ነበር። ጄት ስኪ እንደ መኪና ዜሮ ማርሽ የለውም። ሞተሩና ከኋላ ውኃ የሚገፋው ፕሮፔለር በአንድ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ከሥር ያለው ከታሰረ ከላይ ያለውም አይዞርም። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሐይቁን ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ይዞታል፤ ሥሩ ረጅምና ፀጉራም ስለሆነ በመሳቢያው ፍርግርግ ገብቶ ዘንጉ ላይ እንደ ልቃቂት ይጠመጠማል። ከእሱ የባሰው የተጣለ የዓሣ መረብ ክር ነው።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ የእጅ አንጓህ ላይ የምትታሰረውን የማጥፊያ ገመድም አውጣ። ካንዴላዎቹን ፍታ። አሁን ሞተሩንና ዘንጉን የሚያገናኘውን መጋጠሚያ በእጅህ ለማዞር ሞክር። ካንዴላ ወጥቶለት እሺ ካለህ ችግሩ ከሥር አይደለም። እምቢ ካለህ በጎኑ አስተኝተህ፣ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ ከመመሪያው አይተህ፣ ፍርግርጉን ፈተህ እያየህ በቢላ እየቆረጥክ አውጣ። ክር ከሆነ በፒንሳ ብቻ መጎተት አያወጣውም፣ ጫፉን ፈልገህ በተጠመጠመበት ተቃራኒ ፍታው። ተጠርጎ አልቆም አሁንም ድርቅ ካለ ያኔ ሞተሩ ራሱ ነክሷል፣ መካኒክ ይክፈተው።

«ለእንግዶች የምናከራየው አንድ አሮጌ ጄት ስኪ አለን። ጠዋት ጠዋት አይነሳም። ካንዴላው በየሳምንቱ ይጠቁራል። አንዱ መካኒክ ደግሞ ኮምፕረሽኑ ወርዷል፣ ፒስተን ቀይሩ አለን።» (ከባሕር ዳር የደወለች እህት)

እህቴ፣ ፒስተኑን ገና አትንኪው። መጀመሪያ የት እንዳለን እናስብ። የጣና ውኃ ራሱ ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተኛው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ሲመጣ የተስተካከለው ለባሕር ጠረፍ ነው፤ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይሰጣል፣ አየሩ ግን ጎድሏል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ይጠቁራል፣ ጠዋት አይነሳም።

ኮምፕረሽኑም፣ ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ እንደዚያው። ጠረፍ ላይ 150 ፒኤስአይ የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 120 አካባቢ ቢያነብ አልታመመም። የነገርሽኝ ቁጥር 118 እና 120 ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ከአሥር በመቶ በላይ ልዩነት ሲኖር ነበር፣ ያ የለም። ሁለቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተይዞ ደግማችሁ ለኩት፣ ከዚያ ፒስተኑን ተዉት።

ዘይቱን ስጠይቅሽ ደግሞ «ለደኅንነት ብለን እጥፍ እናደርጋለን» አልሽ። አሳባችሁ ገብቶኛል፣ ግን ካንዴላውን የሚያጠቁረው አንዱ እሱ ነው። ትክክለኛው መጠን 50 ለ1 ነው፤ ይህም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፣ ለ10 ሊትር 200። በመርፌ ወይም በመለኪያ ኩባያ ለኩት፣ በዓይን አይሁን። ዘይቱም ለውኃ ላይ ሞተር የተሠራው፣ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል የተጻፈበት ይሁን። የእናንተ አሮጌ ስለሆነ ነው ይህን የምለው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የያማሃ ሱፐርጄትና ከ2017 ወዲህ ያለው የካዋሳኪ ኤስኤክስ አር አራት ስትሮክ ናቸው፣ ቤንዚናቸው ውስጥ ዘይት አይገባም።

ዘይቱን አስተካክላችሁ አሁንም ከጠቆረ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ናስ በአንድ ቁጥር በጠበበች ቀይሩ። አንድ ቁጥር ብቻ፣ ከዚያ ነድታችሁ ካንዴላውን እዩት። ደረቅ ሆኖ ገና ቀላ ያለ የተቆላ ቡና መልክ ሲይዝ ቁሙ። ነጭ ከሆነ አልፋችኋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ፒስተኑንም ያቃጥላል። ያን ጄት ስኪ አንድ ቀን ጅቡቲ ብትወስዱት ደግሞ ወደ ቀድሞዋ መልሱ።

«ሰው ጭኜ ወደ ዘጌ ስወጣ ሞተሩ ደኅና ይነሳል። አምስት ደቂቃ ሄዶ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቼ ስነካው ደግሞ ይነሳል።» (አንድ የጀልባ አባት)

አባቴ፣ ይህን ያለ መፍቻ ያስተካክሉታል። የነዳጅ ታንከርዎ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ቡሎን ይፍቷት። ሲጭኑና ሲያወርዱ ቤንዚን እንዳይፈስ ጠብቀው ዘግተዋት ነው። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ ይጠባል፣ ሞተሩ ይራባል። ቆመው ሲጠብቁ አየር ቀስ ብሎ ይገባና እንደገና ይነሳል። ቧንቧው ላይ ያለችው የምትጨመቀው ኳስ ጠፍጥፋ ከቀረች ምክንያቱ ይኸው ነው። እሷ ካልሆነች ቱቦው ውስጥ አየር እየገባ ሊሆን ስለሚችል ይደውሉልኝ።

«ምንም ድምፅ የለውም። ጭራሽ ሙት ነው።»

ከሦስት ሰው ስለመጣ ባጭሩ። የማጥፊያዋ ገመድ ቦታዋ ላይ በደንብ ገብታለች? ፊውዙስ? ባትሪው በቴስተር ከ12.4 ቮልት በታች ከሆነ ቻርጅ አድርጉ፣ ስታርት ስትሉት ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። የማሳውን (የኔጋቲቩን) ገመድ ፈታችሁ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ «ጠቅ» ብቻ የሚል ከሆነ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሪኖው የሚያሻግረው ሪሌ ሊሆን ይችላል፣ አይዞርም እንጂ ድምፅ አለው የምትሉትም እዚሁ ይገባል።

«ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ቤንዚኑ ችግር እንዳለበት በምን አውቃለሁ?»

ካንዴላውን ፍታና አሽትተው። ብዙ ዞሮ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ርጥብ ከሆነ ደግሞ ብልጭታ አለው ወይ ብለህ እይ። ደረቅ ከሆነ በየካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ቤንዚን ከነዘይቱ ጨምረህ ዝጋና ሞክር። ሁለት ሰከንድ ሮጦ ከጠፋ ብልጭታህ ጤነኛ ነው፣ ወደ መክፈቻው፣ ወደ ፊልትሮውና ወደ ካርቡሬተሩ ሂድ።

በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ከታንከሩ ታች ቀድተህ በንጹሕ ብርጭቆ አስቀምጠውና አንድ ሰዓት ጠብቅ። ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይተኛል፣ በመሃላቸው ያለው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካየኸው ታንከሩን፣ ቱቦውንና ካርቡሬተሩን ባዶ አድርግ።