ውቅያኖስ ከተሻገሩ በኋላ የመጀመሪያው የመውረጃ ፈቃድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከሀዋሳ ነኝ።

የዛሬው ጉዳያችን ሾር ሊቭ ነው፣ ከመርከብ መውረጃ ፈቃድ። በሸራ መርከብ እየሠለጠኑ ውቅያኖስ አቋርጠው ወደብ ለሚደርሱ ልጆች ማለቴ ነው። ልጁን ወደ ባሕር የሚሸኝ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ማዕበሉ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መልሕቅ ከተጣለ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ምሽት ነው። ባሕር ላይ አለቃ አለ፣ ፈረቃ አለ፣ መጠጥ የለም፣ ሁሉም ተጠንቅቆ ነው የሚራመደው። ወደብ ሲደረስ ይሄ ሁሉ በአንዴ ይላላል። ሰውነት ግን ገና ባሕር ላይ ነው።

አንድ የታወቀ መንገድ እንውሰድ፤ ከካናሪ ደሴቶች፣ ከላስ ፓልማስ ተነስቶ ባርቤዶስ። ወደ 2,700 የባሕር ማይል ነው፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። መርከቧ በሰዓት 5 የባሕር ማይል ብትሄድ በቀን 120 ትጓዛለች፤ ስለዚህ 22 ወይም 23 ቀን ይፈጃል። በሦስት ፈረቃ ከሆነ 4 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት ነው። ከስምንቱ ላይ ግን ምግቡ፣ ጽዳቱና ትምህርቱ ይቀነሳል። ከ6 ሰዓት በላይ ሳይነሱ መተኛት ብርቅ ነው። እንግዲህ ሦስት ሳምንት እንዲህ የከረመ ሰው ነው ከተማ የሚወርደው።

መውረድ መብት ነው፣ ካፒቴኑ ደስ ሲለው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለጤናና ለደኅንነታቸው ሲባል የመውረጃ ፈቃድ ሊሰጣቸው እንደሚገባ ይናገራል፤ ከሥራቸው ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ነው ታዲያ። በተግባር ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚያስቸግረው ቪዛው ነው። በሼንገን አገሮች የመርከበኛ መታወቂያ ያለውና ስሙ በመርከበኞች ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ወደቡ ባለበትና በአጎራባቹ ከተማ ያለ ቪዛ እንዲዘዋወር ሊፈቀድለት ይችላል። አሜሪካ ግን የመርከበኛ ቪዛ ትጠይቃለች፤ ከሌላችሁ ኒው ዮርክን ከመርከቡ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁ እንጂ አትወርዱም። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ስሜ የሚመዘገበው የት ነው? ሠልጣኝን እንደ መርከበኛ የሚያስመዘግቡ መርከቦች አሉ፣ እንደ ተሳፋሪ የሚያስመዘግቡም አሉ። ተሳፋሪ ከሆናችሁ የመርከበኛው ሕግ አይመለከታችሁም፣ እንደ ማንኛውም ቱሪስት ቪዛ ትጠየቃላችሁ።

የብስ ታየ ማለት ደግሞ ተወረደ ማለት አይደለም። መርከቧ ቢጫ ባንዲራ ሰቅላ ትቆማለች። ጤና፣ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ጨርሰው እስኪፈቅዱ ማንም አይወርድም፤ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። በዚያ መሀል ሸራው በሥርዓት ይጠቀለላል፣ ገመዱ ይጠመጠማል፣ መርከቡ ይታጠባል። ሲፈቀድም ሁሉም በአንዴ አይሄድም፤ አንዱ ፈረቃ መርከቡ ላይ ይቀራል። መልሕቁ እንዳልተንሸራተተ ለማወቅ በየሰዓቱ ከየብስ ምልክቶች አንጻር አቅጣጫ እየለካ ይመዘግባል፣ ለእሳትና ለሰርጎ ገብ ውኃ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ሰው ወደ የብስ የምታደርሰውን ጀልባ ያመላልሳል። ይሄ ተራ የደረሰበት ልጅ እንደተቀጣ ይሰማዋል። በእኔ ግምት ግን ዕድለኛው እሱ ነው፤ ተኝቶ፣ ታጥቦ፣ በማግስቱ ነው የሚወርደው።

አሁን ወደ ሰውነት እንምጣ። መሬት ስትረግጡ መሬቱ ይንቀሳቀሳል። በሽታ አይደለም። የውስጥ ጆሯችንና አንጎላችን ሦስት ሳምንት ሙሉ የመርከቡን መወዛወዝ ሲያካክሱ ከርመዋል፤ መወዛወዙ ሲቆምም ማካካሱን አይተውም። ለብዙው ሰው በአንድና በሁለት ቀን ይለቃል፤ ከወር ካለፈ ግን ሐኪም ያስፈልጋል። የሚብሰው ዓይን ሲጨፈንና ቦታ ሲጠብብ ነው። ሻወር ቤት ገብታችሁ ፊታችሁን በሳሙና ስትታጠቡ በአንድ እጃችሁ ግድግዳውን ያዙ። ደረጃ ላይ መደገፊያውን አትልቀቁ። ሞተር ሳይክል ተከራይቶ መሄድ በዚያ ቀን የለም። ጥሩው መድኃኒት በገላጣ ቦታ፣ ራቅ ያለ ነገር እያዩ መራመድ ነው፤ ያውም ጥቂት በጥቂት፣ ምክንያቱም ሦስት ሳምንት ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ያልሄደ ባት በሁለት ኪሎ ሜትር ይዝላል።

መጠጡ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ስብከት እንዳይመስልብኝ እንጂ። ሦስት ሳምንት ያልቀመሰ ሰው የድሮ ልኩን አይችልም። ከደጋ ወጥቶ በሞቃትና እርጥብ አየር ላብ ሲያልበው የዋለ ሰውነት ውኃ ጎድሎታል። በካሪቢያን ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ሩም ይሸጣል። መሬቱ ድሮውንም እየተወዛወዘ ስለሆነ ስካሩ መጣ አልመጣ ብሎ መለየት አይቻልም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ የበሰለ ምግብ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ቢራው ለነገ ይደርሳል።

ልብስም አለ። ጨው የነካው ልብስ ፀሐይ ላይ ውሎ የደረቀ ይመስላል፣ ማታ ተመልሶ ይረጥባል፤ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባልና። ሳሙና ከመንካቱ በፊት ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። መቀመጫና የብብት አካባቢ በጨው የቆሰለ ቆዳም እንዲሁ፤ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በደረቅ ጥጥ ልብስ ነው የሚድነው።

ባርቤዶስን ከጠቀስኩ አይቀር፣ እዚያ ዥጉርጉር የወታደር ልብስ ለሲቪል ክልክል ነው፤ እዚህ ፒያሳ ሁሉም የሚለብሰው ሱሪ እዚያ በፖሊስ ያስቆማችኋል። ባሕሩ ዳር ደግሞ ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ፣ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የመሰለ ፍሬ ያለው። ፍሬው መርዝ ነው፣ ወተቱ ቆዳ ያቆስላል። ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ መጠለል ደግ አይደለም፤ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ራሱ ያቃጥላል። ግንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ ቀለም ይቀባበታል። ገንዘቡ ቀላል ነው፤ ሁለት የባርቤዶስ ዶላር አንድ የአሜሪካ ዶላር ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነገር ብቸኝነት መፈለግ ነው። ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ክፍል የከረመ ሰው የሚያምረው ባሕር ዳር ሳይሆን የማንንም ድምፅ የማይሰማበት አንድ ሰዓት ነው። ደንቡ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውረዱ ይላል፤ ትክክልም ነው። ሁለቱ አይጋጩም። አብራችሁ ሂዱ፣ አንድ ካፌ ግቡ፣ የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ጓደኛችሁ ቢቀየም ይቀየም፤ በሁለተኛው ቀን እሱም ይገባዋል።

ስልክ። ባርቤዶስ ከኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን ሀዋሳ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ደውሉ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያገኛችኋል። እዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ብትደውሉ ግን እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። በሌሊት የማይታወቅ የውጭ ቁጥር ሲጠራ እናት የምታስበው መርዶ ነው። የግድ ከሆነ የመጀመሪያው ቃላችሁ «እማዬ፣ ደኅና ነኝ» ይሁን፣ ሰላምታው ይቆይ።

ይሄው የሰዓት ነገር ጀልባም ያስመልጣል። «የመጨረሻው ጀልባ በ4 ሰዓት» ሲባል የእኛ ጆሮ ምሽት 4 ሰዓት ይሰማል፤ እነሱ ያሉት ግን ከቀኑ 10 ሰዓታችንን ነው። የመርከብ ሰዓት እስከ 24 ስለሚቆጠር 16:00 ወይም 22:00 ብላችሁ አስደግሙና መዳፋችሁ ላይ ጻፉት። ከጎኑ የወደቡን ወኪል ስልክና የመርከቧን ስም። ስልካችሁ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል፣ መዳፍ አይጨርስም። ከጀልባው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ወደቡ ላይ ተገኙ።

ጀልባዋ ራሷ ናት አደገኛዋ። እዚህ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ታንኳ የተሳፈረ ሰው ያውቃል፤ ጠርዟ ላይ ከተረገጠ ትገለበጣለች። አንድ በአንድ፣ ዝቅ ብሎ፣ መሀሏን መርገጥ። ጣት ከጠርዙ ውስጥ እንጂ ውጭ አይሁን፣ ከመርከቡ ጋር ስትላተም ይቀጠቅጠዋል። ላይፍ ጃኬት ሲኬድም ሲመለስም ይለበሳል። መሰላሉን ስትወጡ ሁለቱም እጅ ነጻ ይሁን፤ የገዛችሁት ዕቃ በገመድ ይሳባል።

መርከቡ ላይ እንደወጣችሁ ማን እንደወረደ፣ ማን እንደተመለሰ የሚታይበት የስም ሰሌዳ ጋ ሂዱና ምልክታችሁን «አለ» ወደሚለው ራሳችሁ አዙሩ። ለጓደኛ አደራ አይሰጥም። እሱ ረስቶት ካደረ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ላይ በባትሪ ስትፈለጉ ታድራላችሁ። እናንተ ሳትመለሱ አዙሮት ከሆነ ደግሞ ማንም አይፈልጋችሁም።